ክዳኑ ላይ የተጻፈው ስም

እማማ በለጡ ከመንዝ ተነሥተው፣ ላምበረት መናኸሪያ ወርደው፣ ሦስት ታክሲ ቀያይረው ቃሊቲ «ቅርብ ቤት» ማረፊያ ደጃፍ ሲደርሱ ከምሳ በኋላ ነበር። ታኅሣሥ ነው። የጭነት መኪኖቹ ከመንገዱ የሚያነሡት አቧራ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ መንደሩን አመድ አስመስሎታል። አቻምየለሽ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የሚታጠቡ አንሶላዎችን ትለያለች።

«ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ» አሉ አሮጊቷ፣ ዘንቢላቸውን ሳያወርዱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን እማማ። ይግቡ። ታራሚ ሊጠይቁ ነው?»

«ልጄን። ሚስቱ ነበረች የምትጠይቀው፤ አሁን ትታው ሄደች። ሰው አጥቶ ተቀምጧል አሉኝ። ጊደሬን ሸጬ መጣሁ።»

እንዲህ ያለውን ነገር አቻምየለሽ በዓመት መቶ ጊዜ ትሰማዋለች። ማረፊያው የቆመውም ለዚሁ ነው። አገር አቋርጦ እስረኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ ወይ በረንዳ ላይ ያድራል፣ ወይ ወደዚህ ይመጣል። አንሶላውን አስቀምጣ የእንግዳ መዝገቡን ሳበች።

«ስምዎን ይንገሩኝ።»

«በለጡ ወንድይፍራው።»

«የሚጠይቁትስ?»

«ሳህሌ ወልደሰንበት። ሹፌር ነበረ፣ የገልባጭ።»

እስክሪብቶው «ሳህሌ» ላይ ቆመ። አቻምየለሽ ቀና ሳትል፣ ድምፅዋንም ሳትለውጥ፣ «ስንት ዓመቱ ነው?» አለች።

«ለሚመጣው ግንቦት አርባ ይሞላዋል። እዚህ ላይ ጠባሳ አለበት» አሉና እማማ በለጡ የግራ ቅንድባቸውን ነኩ። «በልጅነቱ በቅሎ ረግጣው ነው። እሷን ምልክት ነግሬ ነው ሰው የማፈላልገው።»

ያንን ጠባሳ አቻምየለሽ ታውቀዋለች። ፍርድ ቤት በአራት ቀጠሮ፣ ከሦስት ሜትር ርቀት፣ ዓይኗን ሳትነቅል ያየችው ጠባሳ ነው። የአባቱን ስም ጽፋ ጨረሰች። ተነሥታ የእማማን ዘንቢል ተቀበለች፣ ፀሐይ የሚገባበትን ሦስት ቁጥር ክፍል ከፈተችላቸው፣ ለብ ያለ ውሃ አምጥታ በርከክ ብላ እግራቸውን አጠበች። አሮጊቷ «እኔ ጎስቋላዋ፣ ምን አድርጌልሽ፣ ውለጂ ክበጂ» እያሉ ራሷን ዳበሷት። አቻምየለሽ ጣታቸውን አንድ በአንድ አደረቀችና ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

ዙለይኻ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር።

«መጣልኝ» አለቻት አቻምየለሽ።

«ማን?»

«የሊዲያ ገዳይ እናቱን ላከልኝ።»

ሊዲያ የአቻምየለሽ አንድ ልጇ ነበረች። በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከዋናው መንገድ ማዶ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ነበር። ዓረብ አገር ልሂድ አለች። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ ብቻዋን ልትቀር ነው፤ አቻምየለሽ እንቢ አለች። ልጅቷ ሹልክ ብላ ፓስፖርት አወጣች። እናቷ ፓስፖርቱን አገኘችና ዱቄት በርሜል ውስጥ ቀበረችው። አንድ ማለዳ በዚህ ነገር ተጨቃጨቁ፤ ሊዲያ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ስትወጣ በሩን ወርውራ «እንዲህ አስረሽ ከምታኖሪኝ ብሞት ይሻለኛል!» አለች። ግንቡ አጭር ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ገጭቶ ገደላት።

ሹፌሩ ለትራፊክ ፖሊስ የሰጠው ቃል አጭር ነበር። «ዳር ቆማ ነበር፤ ስደርስ ራሷ ገባችብኝ።»

አደጋውን ያየ ሰው አልተገኘም። ጠዋት በግንብ ላይ የወጣውን ቃል የሰማ ግን ሞልቷል። የለቅሶው ድንኳን ገና ሳይወጠር ወሬው ተወጥሮ ነበር። ከውሲ የምትባል ጎረቤቷ ለጠየቃት ሁሉ «በጆሮዬ ነው የሰማኋት፣ ብሞት ይሻለኛል ብላ ነው የወጣችው» አለች፤ ክፋት ኖሯት ሳይሆን ምላሷ አላርፍ ብሏት። የአቻምየለሽ የነፍስ አባት ቄስ ገብረጻድቅ ወደ ቤት መጡና መስቀላቸውን እያገላበጡ «ልጄ፣ ነገሩ እስኪጣራ ፍትሐቱን ብናቆየው» አሏት። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ሊዲያ ያለ ፍትሐት፣ ከመቃብሩ ሁሉ ተለይታ፣ ከአጥሩ ጥግ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀበረች።

ነገሩ ሳይጣራ ቀረ። ሳህሌ ወልደሰንበት ማስረጃ አልተገኘበትምና በነፃ ተሰናበተ። ከችሎት ሲወጣ አቻምየለሽ ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀችው። እሱ ዓይኑን ሰብሮ በጎኗ አለፈ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አቻምየለሽ የምታስታውሰው ግን ያንን ሰው ብቻ አልነበረም። ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበራት፤ «ራሷ ገባች» የሚለውን እሷም አንዳንድ ቀን ታምነው ነበር። ልጄ እኔን ሽሽት መኪና ሥር ገብታ ይሆን? ይህ ሐሳብ ሲመጣባት የምትይዘውን የምትጨብጠውን ታጣለች። በዚያን ጊዜ ሁሉ ሳህሌን አብልጣ ጠላችው፤ ልጇን ገድሎባት ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ልጇ የምትጠራጠር እናት አድርጓት ስለ ሄደ።

ማረፊያው የተጀመረው በማግሥቱ ዓመት ነው። ባሏ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር የወረሰችው ግቢ አራት ክፍል ሰርቪስ ነበረው። ከአራት የሰፈር ሴቶች ጋር ማኅበር አቋቁማ አልጋ አስገባችበት። ከእነሱ አንዷ ዙለይኻ ናት፤ ከስልጤ መጥታ ከግቢው ፊት ለፊት ሱቅ የከፈተች፣ አንድ ነገር ስትናገር ሁለት ጊዜ የምታስብ ሴት። ለማረሚያ ቤቱ ቅርብ ነውና «ቅርብ ቤት» አሉት። አሁን ዘጠኝ ክፍል ነው። ከአልጋው ኪራይ በሚገኘው ገንዘብ የሰፈሩን አልጋ ላይ የዋሉ አሥራ አንድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችን ያጥባሉ፣ ያበላሉ፤ አርባ ሕፃናት በየቀኑ ምሳ ይበላሉ። ሦስተኛው ሥራቸው ገመዱ ነው። ጠዋትና ማታ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ሴቶች ዋናውን መንገድ በወፍራም ገመድ ይዘጉታል፤ ተማሪዎቹ እስኪሻገሩ የጭነት መኪናው ሁሉ ይቆማል።

የገመዱን አንድ ጫፍ ሁልጊዜ የምትይዘው አቻምየለሽ ናት። ጥሩምባ የሚነፋ ሹፌር ካለ የመጨረሻው ልጅ ተሻግሮም ቢሆን ገመዱን አታወርድም፤ እስኪበቃት ፊቱን እያየች ትቆያለች። በማረፊያውም አንድ ሕግ አላት፤ የጭነት መኪና ሹፌር አይገባም። ቃሊቲ ውስጥ ሹፌር አላሳድርም ያለ ማረፊያ እሷ ያቆመችው ብቻ ነው። የማኅበሩ ሴቶች ብዙ ተከራከሯት፣ አልተበገረችም። ሰው ይህን ሁሉ ደግነት ይለዋል። አቻምየለሽም ይበሉ ብላ ትተዋለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ወሬ ደርሷት ነበር። ሳህሌ ዱከም መንገድ ላይ መኪና ገልብጦ ሁለት ሰው ገድሏል፤ ሰባት ዓመት ተፈርዶበታል፤ ከማረፊያዋ በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ታስሯል። ያን ቀን እንደ ዓውደ ዓመት ፀጉሯን ተሠርታ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ትጠብቅ ነበር። ከሩቅ የሚመጣ ጠያቂ ሁሉ አንድ ቀን በዚህ ደጅ ያልፋል።

ዙለይኻ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ወንድሜ ሳሪስ የሚከራይ ክፍል አለው። ነገ እዚያ እንውሰዳቸው። አላህን ፍሪ አቻሜ፤ እሳቸው ምን አደረጉሽ?»

«የትም አይሄዱም።»

«ምን ልታደርጊያቸው ነው?»

«እንግዳ ናቸው። አስተናግዳቸዋለሁ።»

ቅዳሜና እሑድ የጥየቃ ቀን ነው። አቻምየለሽ ቅዳሜ በማለዳ ተነሥታ ሱፍ ፈትፍታ ሠራች፤ ሊዲያ በጾም ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን። ከዚያ ከሣጥኗ ሥር በነጠላ የተጠቀለለ የብረት ምሳ ዕቃ አወጣች። ጎኑ ተጨርምቷል። ፋብሪካው ውስጥ ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር እንዳይለዋወጥባት ሊዲያ ክዳኑ ላይ በሚስማር ስሟን ጭራበታለች። አደጋው ከደረሰበት ቦታ ፖሊስ አንሥቶ፣ ፍርድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ጉዳዩ ሲዘጋ ለእናቷ የተመለሰ ዕቃ ነው።

«ይህን ይዘውለት ይሂዱ» አለቻቸው እማማ በለጡን።

እማማ በለጡ ፊደል አይለዩም። ክዳኑን በቀሚሳቸው ጫፍ ወልወል አድርገው፣ መርቀዋት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ምሳ ዕቃው እንደሞላ ነው።

«ምን ነካው ልጄን» አሉ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው። «ክዳኑን እያየ ደርቆ ቀረ። ይህን ማን ሰጠሽ አለኝ። የማረፊያዬ ባለቤት ናት፣ አቻምየለሽ የምትባል ደግ ሴት አልኩት። ላብ አጠመቀው። ለጥበቃዎቹ ቀምሻለሁ፣ እሱም ፊት ቀምሼ አሳየሁት፤ አንዲት ጉርሻ አልነካም።»

«ሱፍ አይስማማው ይሆናል» አለች አቻምየለሽ። «ነገ ምስር እንሞክርለታ።»

እሑድ ምስር ሄደ፤ ምስሩ ተመለሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽሮ ሄደ፤ ሽሮው ተመለሰ። ምሳ ዕቃው ሞልቶ በተመለሰ ቁጥር የአቻምየለሽ አንጀት ቅቤ ይጠጣ ነበር። መልሳ ታጥበዋለች፣ በጨርቅ ታደርቀዋለች፣ ለቀጣዩ ቀን መደርደሪያው ላይ ታስቀምጠዋለች። ማረሚያ ቤቱ የሚሰጠውንም ትቷል፣ ከስቷል የሚል ወሬ ከሌሎች ጠያቂዎች ሰማች። እማማ በለጡ ደግሞ ግራ ገብቷቸው ይነግሯታል።

«ከዚያ ቤት ውጪ እማዬ ይለኛል። ለምን ስለው አይናገርም። ይህን የመሰለ ቤት ጥዬ የት ነው የምሄደው?»

ያ ያላሰበችው ነገር ነበር። አሮጊቷ ቤቱን ወደዱት። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አያውቁምና ለሕፃናቱ ምሳ እህል ይለቅማሉ፤ ከተረጂዎቹ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ዘንድ እየሄዱ የመንዝን ወሬ ያወራሉ። አቻምየለሽን «ልጄ» ይሏታል። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዟት ተኝታ፣ አጥሚት ሠርተው ራስጌዋ ተቀምጠው በማንኪያ አጠጧት። አቻምየለሽ ዓይኗን ጨፍና ጠጣች። ከእናቷ ሞት በኋላ በማንኪያ ያጠጣት ሰው አልነበረም። ሲወጡ ግን ዙለይኻን ጠርታ «ተመልከቺ፣ እናቱንም ወስጄበታለሁ» አለቻት።

«አንቺን ማን ይውሰድሽ?» አለች ዙለይኻ።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት እማማ በለጡ እኔም ልያዝ ብለው ወደ ገመዱ መጡ። ቢጫውን ሰደርያ ከነጠላቸው በላይ አጠለቁላቸው። ሁለቱ ሴቶች መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ቆሙ፤ ተማሪዎቹ እየተንጫጩ አለፉ፤ የሲሚንቶ መኪኖቹ በረድፍ እያጓሩ ቆሙ። ገመዱ ሲወርድ አሮጊቷ እያዘገሙ ወደ አቻምየለሽ ተሻገሩ።

«ይህን ገመድ ያሰባችሁት እንደው ምን አይታችሁ ነው?»

«አንዲት ልጅ እዚህ መኪና ገድሏት ነው» አለች አቻምየለሽ። «እዚህ፣ እርስዎ የቆሙበት ላይ።»

እማማ በለጡ ከቆሙበት ፈቀቅ አሉ። «ገዳይዋስ?»

«በነፃ ተለቀቀ።»

አሮጊቷ መሬቱን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ማለት ይቻላል፣ «የጎረሰው አይውረድለት» አሉ። «የወለደችው ማኅፀን ይቁጠርበት። ያቺን እናት ያስለቀሰ፣ እሱም እናቱን ሳያስለቅስ አይቅር።»

አቻምየለሽ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ያለ ጠዋት አላየችም። እናቱ በገዛ አፏ፣ ሊዲያ በወደቀችበት ቦታ ላይ ቆማ ረገመችው። ገመዱን እየጠቀለለች ወደ ቤት ስትመለስ እንደ ልጃገረድ ትፈጥን ነበር።

እስከ ገና ድረስ ዝም ልትል ነበር ያሰበችው። ከሰዓት በኋላ ግን ወጥ ቤት ምስር ሲለቅሙ አሮጊቷ የጠዋቱን ነገር አነሡ።

«ከሆዴ አልወጣ አለ» አሉ። «ለእኔም ልጅ እንዲህ ያለ መከራ ደርሶበት ነበር። ብቻ የእሱ ሌላ ነው፤ አንዲት ምስኪን ራሷን መኪናው ሥር ጣለችበት። አገር ቤት መጥቶ ሦስት ቀን አለቀሰ። ኋላ ለነፍሷ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ጧፍ አበራላታለሁ። ስሟን አላውቀውም፤ ‹ያቺ ልጅ› እያልኩ ነው የማበራላት።»

አቻምየለሽ የያዘችውን ምስር ሰፌዱ ላይ መለሰች። ያ ውሸት በገዛ ወጥ ቤቷ፣ በዚህ ንጹሕ አንደበት ሲነገር ስትሰማ ያሰበችው ሁሉ ጠፋት።

«ስሟ ሊዲያ ነው» አለች።

እማማ በለጡ ቀና አሉ።

«የእኔ ልጅ ናት። ራሷን አልጣለችም። ልጅዎ ገድሏት፣ ራሷ ገባች ብሎ ዋሸባት። በእሱ ቃል ያለ ፍትሐት ተቀበረች። ጠዋት የረገሙት እሱን ነው።»

ድስቱ ላይ ውሃው ይንተከተካል። ዙለይኻ በሩ ላይ ደርሳ ቆማ ነበር፤ አልገባችም። አሮጊቷ ሰፌዱን ወደ ጎን ገፉት። ከዚያ «ያንን ምሳ ዕቃ አምጪው» አሉ።

አመጣችላቸው። የተጫረውን ክዳን በጣታቸው ዳበሱት።

«ምን ይላል?»

«ሊዲያ ይላል።»

«ስሟን በእኔ እጅ ነው ያስላክሽው።»

«አዎ፣ በእርስዎ እጅ።»

«እኔ ደግሞ ብላ፣ ብላ እያልኩ ልጄን እለምነው ነበር።» ምሳ ዕቃውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። «ሰባ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ድህነት አይቻለሁ፣ ሦስት ልጅ ቀብሬያለሁ። እንዲህ አድርጎ የተጫወተብኝ ሰው የለም። እግሬን ስታጥቢም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ያን ቀንም፣ በማግሥቱም እህል አልቀመሱም። አቻምየለሽ አንድ ሁለቴ በራቸው ድረስ ሄዳ ሳታንኳኳ ተመለሰች። ይህን ሁሉ ዓመት የተመኘችውን አግኝታለች፤ ግን ክፍሉ ጸጥ ማለቱ አላስተኛትም፤ በዚህም ተናደደች።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ በለጡ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወጡ። ፊቷን አላዩም።

«ፍትሐት የከለከሏትን ቄስ ጥሪያቸው» አሉ። «ሦስታችን እንሄዳለን።»

ቄስ ገብረጻድቅ አርጅተዋል። አቻምየለሽ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ስትነግራቸው ምርኩዛቸውን ይዘው እንደተቀመጡ ቀሩ።

«አቻምየለሽ፣ ከቆረብሽ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰማሽም? ተይው፣ ለእግዚአብሔር ስጪው።»

«አባ፣ ጸሎት ልጠይቅዎት አልመጣሁም። ያን ጊዜ የሰው ወሬ የሰማ ጆሮዎን ነው የምፈልገው። ዛሬ ደግሞ ይህን ይስማ።»

ቄሱ ብዙ አልተከራከሩም። ነጠላቸውን ደርበው ተከተሏት።

ሳህሌ ከሽቦው ወዲያ ሲመጣ አቻምየለሽ አላወቀችውም። ጉንጩ ገብቷል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ጠባሳው ግን ከፊቱ ሥጋ ሲጎድል ይበልጥ ጎልቷል። መጀመሪያ እናቱን፣ ከዚያ ቄሱን አየ፤ መጨረሻ እሷን ሲያይ ወደ ኋላ ሊመለስ ፈለገ።

«ቁም» አሉት እማማ በለጡ። «ረቡዕ ዕለት አንተ መሆንህን ሳላውቅ ረግሜሃለሁ። የጎረሰው አይውረድለት ብያለሁ። እውነቱን እስክትናገር አልፈታውም፤ በዚሁ እሞታለሁ። ያቺ ልጅ ራሷ ነች የገባችው?»

ከግራም ከቀኝም ጠያቂው ይጯጯሃል። ሳህሌ ሽቦውን ይዞ አንገቱን ደፋ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«አልተሰማም» አለች አቻምየለሽ። «ቄሱ ጆሯቸው ከብዷል። ጮክ በል።»

«አይደለም» አለ። «ራሷ አይደለችም።»

«ታዲያ?»

«ሁለት ቀን ሙሉ ሳልተኛ አሸዋ ሳመላልስ ነበር። እንቅልፍ ወሰደኝ። ከአስፋልቱ የወጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ዳር ላይ ነበረች… ቁጢጥ ብላ የጫማዋን ክር ታስር ነበር። ምሳ ዕቃዋን ከጎኗ መሬት ላይ አስቀምጣ። ቀና እንኳን አላለችም።»

አቻምየለሽ ለዚህ ቀን ያዘጋጀችው ብዙ ቃል ነበራት። ዘጠኝ ዓመት አልጋዋ ላይ ሆና ደጋግማ የተለማመደችው። አንዱም አልመጣላት አለ። የጫማ ክር የሚያስር ሰው ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ነው። ልጇ ተቆጥታ ወጥታለች፣ መንገድ ላይ ክሯ ተፈትቶባታል፣ አስራ ልትሻገር ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም። ሽቦውን በሁለት እጇ ያዘች።

«የትኛውን እግሯን?» አለችው።

ሳህሌ አሰበ። «የግራውን።»

ራሷን ነቀነቀች፣ ለረጅም ጊዜ የፈለገችውን አድራሻ እንደነገሯት ሰው። ቄስ ገብረጻድቅ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ይህ በቃል እንዲቀር አልፈቀደችም። ወረቀት ይዛ ነበር የመጣችው። ቄሱ «ፋይሉ እንደገና ሊከፈትብህ እንደሚችል ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁት፤ «ይከፈት» አለ። ጥበቃው ፈቅዶለት በእጁ ጽፎ ፈረመ፤ ቄሱ ምስክር ሆነው ፈረሙ፤ እማማ በለጡ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከልጃቸው ስም ሥር አሳረፉ። ከዚያ እጃቸውን በሽቦው ቀዳዳ አሾልከው ፊቱን ዳበሱና «ፈትቼሃለሁ፤ እህል ብላ» አሉት። ሳህሌ ጮኾ አለቀሰ።

አቻምየለሽ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተች። በቀጥታ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳ ስልሳ ኮፒ አስነሣች። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ከቤት ቤት ዞረች። ቁጭ በይ ሲሏት አትቀመጥም፤ ቆማ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብና አንድ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ትታ ትወጣለች። ከውሲ ቤት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከውሲ ሁለተኛው ሳያልቅ እግሯ ላይ ወደቀች። አቻምየለሽ ጎንበስ ብላ አነሣቻት፤ ግን «ምንም አይደል» አላለቻትም።

ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው ባሕር ዛፉ ሥር ፍትሐት ተደረገ። ያን ጊዜ ያንሾካሸከው ሰፈር በሙሉ መጣ። ዙለይኻና የማኅበሩ ሙስሊም ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጠበቁ። ቄስ ገብረጻድቅ ስሟን በጠሩ ቁጥር ድምፃቸው ይሰበር ነበር። እማማ በለጡ ከሁሉ ኋላ ቆመው ነበር፤ ዘንድሮ ጧፋቸውን ሲያበሩ ስሟን ጠሩ።

በማግሥቱ ዘንቢላቸውን ሸክፈው ወደ በረንዳው ወጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ይቅር በይኝ ይላል፤ በእኔ በኩል ነው የላከው። እኔ እናቱ ነኝ፣ ፈትቼዋለሁ። አንቺስ?»

«እርስዎ ይፍቱት፤ ደግ አደረጉ» አለች አቻምየለሽ። «ፈርቶ ቢሆን፣ በዚያው ቀን ደንግጦ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ዘጠኝ ዓመት ግን ዝም አለ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ልጄን ስጠራጠር እሱ ያውቅ ነበር። አልፈታም።»

«እሺ» አሉ እማማ በለጡ። «አላስገድድሽም። እኔም ያደረግሽብኝን ገና ከሆዴ አላወጣሁትም።»

አቻምየለሽ እስከ ታክሲው ልትሸኛቸው ዘንቢሉን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። አሮጊቷ አልሰጧትም። አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው ተሰናብተው፣ ከጭነት መኪኖቹ ዳር ዳር እያሉ ሄዱ።

«አገኘሽ አይደል?» አለቻት ዙለይኻ በዚያ ቀን። «የፈለግሽውን ሁሉ አግኝተሻል። ተጸጸትሽ?»

«ለእሱ አልተጸጸትኩም» አለች አቻምየለሽ። ስለ እናቱ አልተናገረችም።

እማማ በለጡ ከዚያ ወዲህም ልጃቸውን ሊጠይቁ መምጣታቸውን አልተዉም። ወደ ቅርብ ቤት ግን አልተመለሱም። አቻምየለሽ በየጥየቃው ቀን ዋዜማ ሦስት ቁጥርን ለማንም አትሰጥም ነበር፤ ምክንያቱን የጠየቃት ሰው ሲኖር «ጣራው ያፈስሳል» ትላለች።

ከፋሲካ በፊት ዙለይኻ ለሱቋ ዕቃ ልትገዛ ሳሪስ አቦ ገበያ ወርዳ ከሽንኩርት ተራው አጠገብ አገኘቻቸው። ተሳሳሙ። ልጃቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ይበላል፣ ደህና ነው፣ ፋይሉም ተከፍቶበት ፍርድ ቤት ይመላለሳል አሏት። ከዚያ «ጉንፋኗ ተሻላት?» አሉ።

«እሱ እኮ ድሮ ነው፣ ተሽሏት» አለቻቸው ዙለይኻ።

«ደረቷ ደካማ ነው፤ በብርድ ገመድ እንዳትይዝ ንገሪያት» አሉና ነጭ ሽንኩርታቸውን ከፍለው ሄዱ።

ዙለይኻ ስትመለስ ይህን ለአቻምየለሽ ነገረቻት። አቻምየለሽ አንሶላ ታሰጣ ነበር፤ እጇ የልብስ ገመዱ ላይ ቆመ።

«በየት በኩል ሄዱ?» አለች።

«ወደ አቦ ቤተ ክርስቲያን ሽቅብ።»

አቻምየለሽ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ነጠላዋን ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባች።